የመስቱራ ሰም

«እውነቱን ንገሪኝ፤ አየሁሽ እኔ ዘንድ ባትሆን ኖሮ፣ ይህን ሰም ታመጪልኝ ነበር?»

መስቱራ ይህን የጠየቀችው የሻረግን ነው። ስምንት ጆንያ ሰም ገላባት ገበያ ዳር መሬት ላይ ተደርድሯል። የጭነት መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ ይንተከተካል። የየሻረግ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አየሁሽ ጭነቱ ላይ ተቀምጣ እናቷን ቁልቁል ታያለች።

ነገሩ የጀመረው ጣልያን መተማ በገባ ጊዜ ነው። የሻረግና መስቱራ አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤታሞች ነበሩ። መስቱራ ከባሏ ከኢሳ ጋር ከቋራ የሚመጣ ሰም እየሰበሰበች ወደ ሱዳን ትልክ ነበር። የሻረግ ደግሞ ባሏ ሞቶባት፣ አንዲት ልጇን ይዛ ማሽላና ሰሊጥ ታሳርሳለች። ጦሩ ቀረበ ሲባል መስቱራና ኢሳ ኾሩን ተሻግረው ገላባት ለመግባት ቆረጡ። ኾሩ በበጋ ደርቆ አሸዋ ብቻ የሚሆን ወንዝ ነው፤ ማዶው የእንግሊዝ ግዛት ነው። የወዲህ ዶሮ ሲጮኽ የወዲያው ይመልስለታል።

የሻረግ እርሻዋን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። «ወታደር ያለበት አገር ለሴት ልጅ አይበጅም። አደራ፣ ይዘሽልኝ ሂጂ» ብላ ልጇን አስረከበቻት። መስቱራም በፈንታዋ ሰሟን አደራ አለቻት። ሁለቱ ሴቶች ጆንያዎቹን በመስቱራ ጓሮ ካለው የእህል ጉድጓድ ከተው አፈር መለሱበት። ልጅ በወዲያ፣ ሰም በወዲህ፤ አደራ በአደራ ተያዘ።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በሚያዝያ ሐሩር፣ ሰሙ ጉድጓዱ ውስጥ ለስልሶ ሽታው በአፈሩ ወጣ። ንብ መጣ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ኋላ እንደ ደመና። የሻረግ በጭድ ጢስ አባረረች፣ በእበት ለቀለቀች፤ ወይ ፍንክች! አስካሪ የሚባል አንድ የጣልያን ቅጥር ወታደር በዚያ ሲያልፍ ተነደፈ። እየተራገመ የንቡን መነሻ ሲፈልግ ጉድጓዱን አገኘ። በማግስቱ ሰሙ ጣልያን መጋዘን ገባ።

ከሳምንት በኋላ ሐራጅ ተለፈፈ። መጋዘኑ ለወታደር ስንቅ ስለተፈለገ፣ ከሸሹ ሰዎች የተወረሰው ዕቃ ሁሉ ባለበት ይሸጣል። የገዛ በሦስት ቀን ከከተማ ያውጣው። ለሸሸው ባለቤት የመለሰ ግን ይታሰራል።

በዚያው ሰሞን ኸሊፋ የሚባል ኾሩን እየተመላለሰ ጭነት የሚያሻግር ሰው ለየሻረግ መልእክት ይዞ መጣ።

«መስቱራ ሐሙስ በመኪና ገዳሪፍ ትሄዳለች። ኢሳ ቀድሞ እዚያ ሱቅ ይዟል። ልጅቷንም ትወስዳታለች።»

«ልጄን? ሳትጠይቀኝ?»

«‹አደራዬን ለጣልያን ያሳየች፣ የራሷን አደራ አትጠይቀኝ› ብላለች። እኔ አፍ ነኝ እንጂ ሆድ አይደለሁም። የሰማሁትን አልይዝም፤ አትቆጪኝ።»

የሻረግ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ልጇ ከኾሩ ማዶ ሳለች፣ አንዳንዴ ጠዋት ጉብታው ላይ ወጥታ በሩቅ ታያት ነበር። ገዳሪፍ ከገባች ግን ማን ያሳያታል? ክረምቱም ደርሷል፤ መንገዱ ጭቃ ከሆነ መኪናም አይወጣ፣ ወሬም አይመጣ።

የሐራጁ ዕለት የባሏን በቅሎ ሸጣ፣ የአንገቷን ብር በመቀነቷ ቋጥራ፣ ሰሙን ገዝታ መልሳ ልጇን ልትቀበል ሄደች። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል እንጂ የጎረቤቱን ዕቃ የሚነካ የለም። እሷ ለሰሙ ዋጋ ስትጠራ ጊዜ፣ አገኘሽ የምትባል የሰፈሯ ሴት ከሰው መካከል ወጣች።

«የመስቱራን ሰም ነው የምትገዢው? አሞራ እንኳ ነፍስ እስኪወጣ ይጠብቃል!» ብላ እግሯ ላይ ተፋችባት።

ለራሷ ለመስቱራ ነው ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የጣልያን አስተርጓሚ ያረጋል ግን ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሟል። ብሩን ቆጥራ ከፈለች። ምራቁን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ሐሙስ ማለዳ ጆንያዎቹን በኸሊፋ አህዮች ጭና ኬላ ደረሰች። ያረጋል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

«እሜቴ የሻረግ! ነጋዴ ሆንሽልን። ለማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ገላባት ገበያ ላይ ለገዛኝ።»

«ለመስቱራ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ማይ።»

«በማርያም!»

«ማርያምማ መሐሪ ናት፤» አለና ሳቀ። «እሷን ንስሐ ገብተሽ ትታረቂያታለሽ። አየሁሽ ትሙት በይ።»

የሻረግ ወደ ማዶ ዞረች። ፀሐይዋ እየወጣች ነው። በአሸዋው ማዶ የጭነት መኪናው ይታያል፤ ሰዎች ይጭኑበታል። ያረጋል መፋቂያውን አውጥቶ ይጠብቃል።

«አየሁሽ ትሙት፤» አለች።

«እለፊ።»

አሸዋውን ስታቋርጥ፣ «በእኔ አድርገው፣ በእኔ አድርገው» እያለች ሄደች። መሐላዋን የሰማው ኸሊፋ ከኋላ አህዮቹን ይነዳል።

መስቱራ መኪናው አጠገብ ቆማ ገመድ ታስጠብቃለች። አየሁሽ ረዝማለች፤ ራሷን እንደ ሱዳን ልጆች በጣርሓ ጠቅልላለች። እናቷን ስታይ መጀመሪያ የጮኸችው ወደ መስቱራ ነው፦ «ኻልቲ! ኻልቲ! እማዬ መጣች!» አክስቴ ማለቷ ነው።

«ሰምሽን አመጣሁልሽ፤» አለች የሻረግ። «አልነገርኩብሽም፤ ንቡ ነው ያወጣው።»

«ንቡ!» አለች መስቱራ። «የመተማ ንብ ጣልያንኛ ተማረ በይኛ!»

«መስቱራ፣ የአባቷን በቅሎ ሸጬ ነው የገዛሁት።»

መስቱራ ይህን ስትሰማ ጎንበስ ብላ አንዱን ጆንያ ፈታች። በገዛ ሳህኗ አቅልጣ ያረጋችውን ክብ ሰም አውጥታ አገላበጠች፣ አሸተተች። ፊቷ ትንሽ ላላ። «ሙሉ ነው?» አለች በቀስታ።

«ሙሉ ነው። ቁጠሪው።»

«ያረጋል እንዴት አሳለፈሽ? ለእኔ እንደሆነ ያጣዋል?»

የሻረግ አፏን ከመክፈቷ በፊት ኸሊፋ ከኋላ ተናገረ። «አየሁሽ ትሙት ብላ ምላ ነው ያለፈችው።»

የመስቱራ እጅ ሰሙን ለቀቀው። አየሁሽ ከላይ ሆና ሰምታለች።

«እማዬ፣ እውነት እንዲያ ብለሻል?»

«ላንቺ ብዬ ነው የኔ ልጅ! አንቺን ልወስድ ብዬ...»

«ታዲያ እሞታለሁ?»

«አፌ ይቆረጥ! አትሞቺም!»

«ሰማሽ?» አለች መስቱራ። «ለእሷ ብለሽ እንጂ ለእኔ ብለሽ አይደለም። ሰሜን አስወሰድሽ፤ አሁን በገዛ ሰሜ ልጅሽን ልትገዢኝ መጣሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ አየሁሽ እኔ ዘንድ ባትሆን ኖሮ፣ ይህን ሰም ታመጪልኝ ነበር? እንደ ማለዳው ማይና ንገሪኝ።»

የሻረግ አሰበች። ያለ ልጇ ነገር በቅሎውን ትሸጥ ነበር? የአገኘሽን ምራቅ ትችል ነበር? አላወቀችም። በልጇ አንድ ጊዜ በሐሰት ምላለች፤ በማታውቀው ነገር ደግማ ልትምልባት አልደፈረችም።

መስቱራ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «በልጅ የተማለበት ሰም ቤቴ አይገባም።» ቀና ብላ ልጅቷን አየች። «አየሁሽ፣ እናትሽ ናት። መውረድ ከፈለግሽ ውረጂ፤ አልይዝሽም።»

«ነዪ የኔ ሆድ፤» አለች የሻረግ ሁለት እጇን ዘርግታ። «ነዪ፣ ቤታችን እንሂድ።»

አየሁሽ የእናቷን እጆች አየች። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸችና ገመዱን ጨበጠች። «እፈራለሁ፤» አለች።

ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። መስቱራ ተሳፈረች።

ፀሐይ ሲከርር ሰሙ ጆንያውን አልፎ ያብረቀርቅ ጀመር። ከወደ ኾሩ አንድ ንብ መጣች፤ ሁለተኛዋም ተከተለች።

መስቱራና አየሁሽ ገዳሪፍ ሄዱ። የሻረግና ሰሙ ቀሩ።