ገናዡን ማን ይገንዘው

በሽታው ጎንደር ሳይገባ ፍርሃቱ ገባ። ሬዲዮው ያለው «አዲስ ጉንፋን በውጭ አገር ታይቷል፤ ወደ እኛም ሊመጣ ይችላል፤ ተጠንቀቁ» ነው። «ሊመጣ ይችላል» የምትለዋን የሰፈሬ፣ የቁስቋም ሰው አልሰማትም። በማግስቱ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ከገበያ ጠፋ። ባጃጅ ውስጥ አንዱ ካነጠሰ ሹፌሩ አቁሞ ያወርደዋል። እኔ፣ የትነበርሽ፣ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፤ ደንበኛው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ይወረውርልኝ ጀመር። እኔም ሳቅሁ። የሚያስቅ መስሎኝ ነበራ!

አባቴ ሰውአገኝ የሰፈሩ ገናዥ ነበር። ወንድ ሲሞት የሚጠራው እሱ ነው። አጥቦ፣ ዓይን ከድኖ፣ መንጋጋ አስሮ፣ በአቡጀዲ ጠቅልሎ ለቄስ የሚያስረክበው እሱ ነው። በኮሮና ጊዜ ሌላው በሩን ሲዘጋ እንኳ «ኧረ እንዴት ተደርጎ፣ ክርስቲያን ሳይገነዝ አይቀበርም» እያለ ይሄድ ነበር። የእድራችን ሊቀመንበር የአስማረ አባት ሲሞቱም የገነዛቸው እሱ ነው።

አባቴ ሳል ነበረበት። ወጣትነቱን የጨረሰው ትክል ድንጋይ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው፤ የዱቄቱ ብናኝ ደረቱን በላው። ሐኪሞቹ አስም ነው ብለውታል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ያንን ሳል እየሰማሁ ነው። የሰፈሩ ሰው «አያ ሰውአገኝ መጣ፣ ሳሉ ቀድሞት ደረሰ» እያለ ይቀልድበት ነበር፤ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ዕድሜ ልኩን የሳቁበት ሳል በአንድ ሳምንት ወረርሽኝ ሆነና አረፈው!

አንድ ቀን ማለዳ አስሙ ተነሳበትና እጄ ላይ ሞተ። ኡኡ አልኩ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ፤ ወጣና በየደጁ ቆመ። አንድም ሰው መንገዱን አልተሻገረም። አስማረ ማስክ አድርጎ ከማዶ ሆኖ ጮኸ።

«እግዜር ያጥናሽ የትነበርሽ! ሲያስለው ነበር አሉ?»

«ሲያስለው ነው የኖረው! አንተ አታውቅም?»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ለጥንቃቄ ነው እንጂ። የእድሩ ሰዎች አንነካም ብለዋል።»

«እና ማን ይገንዘው?»

«ለሚመለከተው ደውለናል። ይመጣሉ፤ ትንሽ ጠብቂ።»

ጠበቅሁ። ሞኝ ነኝ፣ ጠበቅሁ። ቀትር ሆነ፤ የሚመለከተው የተባለው ሰው ብቅ አላለም። ድንኳኑን ግን የእድሩ ሰዎች መንገዱ ላይ ተከሉልኝ፤ አግዳሚ ወንበሩንም ደረደሩልኝ። የሚቀመጥበት ሰው ግን አልነበረም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ይላሉ። የእኔ ሰፈር ሰው ቤቱን ዘግቶ ነጭ ሽንኩርቱን ይልጣል!

ከግንቡ ማዶ፣ ከአስማረ ግቢ፣ የእናቱ የእማማ እቴነሽ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። «ልቀቁኝ! ሰውአገኝ ሞቶ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ኧረ ልቀቁኝ!» ይላሉ። ልጃቸው በሩን ቆልፎባቸው ነበር።

ወንድን የሚገንዘው ወንድ ነው። ሴት ልጅ አባቷን ስትገንዝ የት አገር ታይቷል? ግን ምን ላድርግ? ውኃ አሞቅሁና ገባሁ። እያለቀስኩ አጠብኩት። አቡጀዲው ከሣጥኑ ነበር፤ ድንገት ለሚሞት ድሃ ብሎ ያስቀመጠው። አውራ ጣቶቹን አሰርኩ። መንጋጋው ላይ ስደርስ ግን እምቢ አለኝ። «መንጋጋ ቀድሞ ነው የሚታሰር፤ ከደረቀ አይመለስም» ሲል ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ሰው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ደርቋል። የስንቱን አፍ በክብር የዘጋ ሰው፣ አባቴ፣ አፉን እንደከፈተ ተቀበረ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደፍረው የገቡት የንስሐ አባቱ ቄስ ኪዳነ ማርያም ብቻ ናቸው። ፍትሐቱን አደረሱለት፤ ሰሌኑንም አብረውኝ ጠቀለሉ። የአጎቴ ልጅ በላቸው ወንድሞቹን ይዞ ከትክል ድንጋይ ሲደርስ ጨርሰን ነበር። ባዶውን ድንኳን አየና «ምነው፣ እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?» አለኝ። እነሱ ተሸክመው ቁስቋም ቀበርነው።

ጉንፋኑ አልመጣም። እስከ ዛሬም አልመጣም። ፍርሃቱ ግን እንደተቀመጠ ነው።

ብዙም ሳይቆይ እማማ እቴነሽ ሞቱ። የገደላቸው ደም ግፊት ነው፤ ግን በዚያው ሰሞን አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰው አይቷል። በቃ፣ አለቀ! አስማረ ደጄ ድረስ መጣ።

«የትነበርሽ፣ እናቴ...» አለ።

«ሰምቻለሁ። እግዜር ያጥናህ።»

«ሴቶቹ እምቢ አሉ። ሰው ፈርቷል፤ ማንም አይነካም።»

ለቀባሪው አረዱት! ለእኔ ነው ይህን የሚነግረኝ?

«አንቺ እጅሽ ለምዷል ብዬ ነው» አለኝ ቀጥሎ።

እጅሽ ለምዷል! በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ። እጄ የለመደው በማን ሬሳ ነው? «ሂድና ለሚመለከተው ደውል» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የአሮጊቷ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ያን ቀን ለአባቴ ከሰፈሩ ሁሉ ያለቀሱለት እሳቸው ብቻ ናቸው። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ተከተልኩት።

መኝታ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አስማረ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አልኩት። «መንጋጋቸውን ሳስር ራሳቸውን ትይዝልኛለህ።»

«ልጆች አሉኝ እኮ፣ የትነበርሽ።»

«እሳቸውም ልጅ ነበራቸው» አልኩት።

አቀረቀረ። አልገባም።

ብቻዬን ገነዝኳቸው። ስጨርስ ወጣሁና «ና፣ ፊታቸው ሳይሸፈን ተሰናበታቸው፤ እንቅልፍ የወሰዳቸው ነው የሚመስሉት» አልኩት። ማስኩን አፍንጫው ላይ ጠበቅ አደረገና እዚያው ደጁ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ጮክ ብሎ ነው ያለቀሰው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ።