እጣቢ የሚጠጣው አውቶቡስ

ቅጣው አሮጌ የጭነት መኪና ገዝቶ፣ ቆርቆሮ አልብሶ፣ የእንጨት አግዳሚ ደርድሮበት «አውቶቡስ» አለው። ሰቆጣም አመነችው። በዘጠና ሁለቱ ድርቅ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ከየምግብ ቤቱ የሰሃንና የእጅ እጣቢ በበርሜል እየሰበሰበ ራዲያተሩን ይሞላበት ጀመር። ሽታው ከመኪናው ቀድሞ መናኸሪያ ይገባ ነበር። ሕዝቡ ግን አፍንጫውን ይዞ ያደንቃል! ብልሃት ነው ተባለ።

አንድ ጠዋት ይታየሽ ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸውን አባቷን፣ አያ ደግሰውን፣ ደግፋ ተሳፈረች። ኮረም የመጡት የዓይን ሐኪሞች የሚሠሩት እስከዚያው ቀን ቀትር ብቻ ነበር። እኔ ከኋላቸው ተቀመጥኩ።

«ይኼ እኮ ቅባት ነው፤ ቱቦውን ይዘጋዋል» አልኩት ቅጣውን፣ በርሜሉን ሲያጋድል።

«መምህር፣ አንተ ጠመኔህን ጠብቅ። ራዲያተሩ ያፈሳል፤ የሽሮው ዝቃጭ ቀዳዳውን ይደፍንልኛል።»

«የኛንስ ሆድ ምን አድርጎት ይሆን?» አለች አንዷ። ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ግሎ ቆመ። ቅጣው ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ሲፈታው የበሰበሰ ወጥ የሚሸት ትኩስ ዝቃጭ ደረቱን አለበሰው። ሽሮው በእርግጥ ደፍኗል፤ ቀዳዳውንም፣ ቱቦውንም። ያቺው የቀለደችው ሴት መስኮቱ ላይ አስመለሳት።

«ይታየሽ፣ ያንቺ ጀሪካን ንጹሕ ነው፤ አምጪው» አለ ቅጣው።

«የአባቴን ዓይን የማጥብበት ነው። አፍልቼ ነው ያመጣሁት።»

«ካልደረስን ምኑን ልታጥቢው?»

ሁሉም ጮኸባት። ሰጠች። ውሃው አልወርድ ብሎ የራዲያተሩ አፍ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቅባትና አረፋ ይዞ ተመልሶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ቅጣው ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ሞተሩ አቃሰተና ዝም አለ። በዚያ መንገድ ሌላ መኪና አላለፈም።

«አባባ፣ ትንሽ ይታገሡ፤ ገና ጠዋት ነው» አለ ቅጣው፣ ቀኑ ተጋምሶ ካለፈ በኋላ።

«ስንነሣ ፊቴን የመታችኝ ፀሐይ አሁን ማጅራቴን ይዛኛለች» አሉ አያ ደግሰው። «ዓይኔ ነው የታወረው፣ ልጄ፤ ቆዳዬ አልታወረም። ይታየሽ፣ እጄን ያዢኝ፤ እንመለስ።»

ቁልቁለቱን ጀመሩ። ቀና ብሎ ያያቸው አልነበረም፤ ተሳፋሪው በርሜሉን ከቦ ይከራከራል።

«ሽሮው ወፍሮ ነው።»

«የለም፣ አላጠለለውም።»

ቅጣው ደረቱን እየጠረገ ፈረደ፦ «ከእንግዲህ የእጅ እጣቢውን ብቻ ነው የምወስድ።»

«እሱ ይሻላል» አሉ።

ምራቄን ተፋሁና ሽማግሌውን ተከትዬ ወረድኩ።