የመዋኛ ገንዳው እንቁራሪቶች

ሆቴሉ በኮሮና ሲዘጋ፣ ከጽዳት ሠራተኞቹ ያልተቀነሰችው ሳሊሐ ብቻ ነበረች። የመዋኛ ገንዳው ውሃ አረንጓዴ ሆኖ እንቁራሪት ገባበት። በዚህ በረሃ ከየት እንደመጡ አላህ ይወቅ። ሳሊሐ ሺፍቷ ሲያልቅ ጠርዙ ላይ በሆዷ ተኝታ በስልኳ ፎቶ ታነሳቸው ጀመር። አንዱን ጉሮሮውን እንደ ፊኛ ነፍቶ ሲጮህ አገኘችው። ፎቶው ስላማረላት ማናጀሯም ይየው ብላ ላከችለት። «ግሩም ነው» ብሎ መለሰላት።

በማግስቱ ስትገባ ግቢው ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። እንቁራሪቶቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። በመረብ እያወጣቻቸው ሳለ ማናጀሯ ደወለ።

«ስላሳወቅሽን እናመሰግናለን» አላት። «ስትጨርሺ የጠራውንም ውሃ አንሺልኝ፤ ፎቶ ታውቂበታለሽ።»