የመሪጌታ መነጽር

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም መነጽሩን አፍንጫቸው ላይ አደረጉና ድርሳነ ሚካኤሉን ከደብተራ ገብረ ጻድቅ እጅ ተቀበሉ።

"ዛሬ እኔ ላንብበው፤ አንተ እረፍ" አሉት።

ገብረ ጻድቅ አንጀቱ አረረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዐሥር ክንድ ርቆ የቆመን ሰው ፊት ለይቶ አያውቅም፤ ሰላም ሳይል ያለፋቸው ሁሉ ኩሩ ነው ብለው አምተውታል። አፍንጫውን ብራናው ላይ ከደፋ ግን የትንኝ እግር የምታህል ፊደል አታመልጠውም። መሪጌታ ደግሞ ገደል ማዶ የሚግጠው በሬ የማን እንደሆነ ይናገራሉ፤ መጽሐፉ ነው ዕድሜያቸው ሲገፋ ክንዳቸውን ዘርግተውም አልነበብ ያላቸው። ንባቡ ለገብረ ጻድቅ የደረሰው በዚህ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የአንኮበር ሰው እሱን ሰማ። አሁን የአልዩ አምባው ነጋዴ ሸሪፍ ጣሊያን ከሰፈረበት ከተማ ይህን መነጽር አመጣላቸውና አለቀ።

ከንባቡ በኋላ ሚስቱ ወይዘሮ አልታየች ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘችው።

"የመሪጌታ ድምፅ ናፍቆኝ ኖሯል" አለች።

"የእኔስ?"

"ያንተም ደኅና ነው።"

ይህች "ደኅና" ከስድብ ባሰችበት። አልታየች ግን ልጆቿን ብላ ወደ ቤት ሄዳለች።

ወዲያው ከታች ተኩስ ተሰማ። መሪጌታ መነጽሩ ሩቁን ያደበዝዝባቸዋልና አውልቀው ቁልቁል ተመለከቱ።

"ጣሊያኖች ናቸው፤ ባንዳ ይመራቸዋል። መጻሕፍቱን ዋሻ እናግባ" አሉና መነጽሩን ካቡ ላይ ትተው ወደ ዕቃ ቤት ሮጡ።

ገብረ ጻድቅ አነሳው። ሩቁን ቢያሳየኝስ ብሎ ቢያደርገው የቤተ ክርስቲያኑ በር ራሱ ጉም ሆነበት። እሳቸውን ያዳነ ነገር ለእሱ አልሆነም። በቅናት መነጽሩን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

የገደሉ መንገድ ጠባብ ነው። መሪጌታ መጻሕፍቱን በአንድ ክንዳቸው ታቅፈው በሌላው እጁን ያዙት።

"እዚህ ጋ ድንጋይ አለ። ቀስ በል፤ እኔ አይልሃለሁ።"

ደግነታቸው ይበልጥ አበገነው። ዋሻው ሲደርሱ ጋቢያቸውን መዳበስ ጀመሩ።

"መነጽሬን የት ጣልኩት? አላየኸውም?"

"አላየሁም፣ መሪጌታ።"

"አንተማ ምኑን ታያለህ" አሉት በሐዘኔታ። ድርሳኑን አቧራውን ጠረግ አድርገው ዘረጉለት። "እንካ። ከእንግዲህ ያው ያንተ ነው።"

ገብረ ጻድቅ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።