ባትሪ ላይ የበቀለ ዝንጅብል

ቁጥር አስር መፍቻው ከብሎኑ ላይ ሾልኮ የጡረተኛውን ሹፌር የፍሬንን እጅ ከራዲያተሩ ጠርዝ ጋር አላተመው። ፍሬን መጀመሪያ መፍቻውን ሰደበ፤ ቀጥሎ ብሎኑን፤ ከዚያም መፍቻና ብሎን ሳያስማሙ ገበያ የሚያወጡ ፋብሪካዎችን እስከ ዘር ማንዘራቸው። እጁን በሱሪው ጠራረገና ተመልሶ ኮፈኑ ሥር ገባ።

«ጋሼ፣ ኔጌቲቩን ነው መጀመሪያ የሚፈቱት!» አለ ጎረቤቱ አገጩን አጥሩ ላይ አስደግፎ። ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ ማዕረጉን ያገኘው ከኮሌጅ ሳይሆን ቀን ከሌት ከሚያያቸው የጥገና ቪዲዮዎች ነው።

«አንተ ጡት ሳትጥል ስንቱን ኔጌቲቭ ፈትቻለሁ።»

«እኔማ ቪዲዮው ያለውን ነው።»

«ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ እጁ ላይ ግራሶ አለ?»

ኢንጂነሩ ስልኩን አየት አደረገ። «የለም። ነጭ ጓንት አድርጓል።»

«እንግዲያው የሰርግ ቪዲዮ ነው የምታየው።»

የፍሬንን እውነተኛ ስም ከረሱት ሰዎች አንዱ ራሱ ፍሬን ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ሰው ይቅርና ዶሮ አልነካም፤ ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓትና የምስክር ወረቀት ሸለመው። ሰዓቱ በሳምንቱ ቆመ። «ያለ አንዳች አደጋ» የሚለው ወረቀት ግን ሳሎኑ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ እንግዳ እሱን ሳያነብ ውሃ እንኳ አይቀርብለትም።

አሁን ግን ሠላሳ ሰባቱ ዓመት ሁሉ በአንድ ክንድ ገመድ ተይዟል። ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጁ አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ በየጠዋቱ የሚያደርሳት ደግሞ እሱ ነው፣ ቃል ገብቷል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰማያዊዋ አሮጌ መኪናው ከተኛች ሁለት ወሯ። የባትሪውን ኬብል ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ባጸዳ በአራተኛው ቀን፣ እንደ ሻገተ ዳቦ አረንጓዴና ነጭ አብቦበት ያገኘዋል። ሦስት መካኒክ አሳየ። አንደኛው «ባትሪው ነው» አለ። ሁለተኛው «አየሩ ነው» አለ። ሦስተኛው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «የሰው ዓይን ነው» አለ፤ ፍሬንም ይህንኛውን ለማመን ትንሽ ነበር የቀረው። በመጨረሻ «ገመዱን ከነሥሩ ነቅሎ መጣል ነው» ብሎ ከመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ኬብል ገዛ።

ኔጌቲቩን ፈታ። ፖዘቲቩን ፈታ። ገመዱን ሞተሩን እስከሚያስነሳው ሞተሪኖ ድረስ ተከትሎ ነቀለና በቢላዋ ሰነጠቀው። ውስጡ ያለው መዳብ እስከ አንድ ስንዝር ድረስ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አላየም። ጫፉን ወደ ብርሃን አዞረና ዓይኑን አጠበበ። ከሻጋታው ሥር አንድ ቀጭን፣ እርጥብ ክር ተጣብቋል። በፒንሳ መዘዘው።

የድሮ ሹፌር ላብራቶሪ የለውም። የሞተር ዘይት በአፍንጫ፣ ነዳጅ በጣት፣ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ደግሞ በምላስ ጫፍ ነው የሚመረመረው። ፍሬንም ክሩን ምላሱ ጫፍ ላይ ነካ አድርጎ ቶሎ ተፋው።

ጨው።

ጠበቀ። ሎሚ።

ደግሞ ጠበቀ። ምላሱ ላይ የቀረው ማቃጠል የአሲድ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ነው ወደ ጉሮሮው የወረደው።

«ኢንጂነር» አለ፤ ድምፁ ከሌላ ሰው እንደመጣ ተሰማው። «ባትሪ ውስጥ ዝንጅብል ይገባል እንዴ?»

ኢንጂነሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ሳያይ መለሰ። «እሱን እንኳ... ቪዲዮው አላለም።»

በዚህ ቤት ጨው፣ ሎሚና ዝንጅብል አንድ ኩባያ ውስጥ የሚገናኙት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ባለቤቱ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት «ይጠብቁ፣ መስመሩ ተይዟል» ስትል የደከመ ጉሮሮዋን በየማለዳው በዚያ ውሃ ትጉመጠመጣለች። ፍሬንንም ባሳለው ቁጥር በግድ ታስጉመጠምጠዋለች። ያን ጣዕም ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል።

ክው አለ። ዘወር ሲል እሷ በረንዳው ላይ ቆማለች። ክሩን በፒንሳው እንደያዘ አነሳው።

«ይሄ ምንድነው?»

አየችው፤ ክሩንም አየችው። «ዝንጅብል ነው» አለች፣ መስመር እንደምታገናኝ ሰው በተረጋጋ ድምፅ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁለት ወር ሙሉ?»

«አንተ እስክትነሳ፣ ጠዋት ጠዋት። ተጉመጥምጬ የተረፈኝን ገመዱ ላይ።»

«ጨው መዳብ እንደሚበላ ማን ነገረሽ?»

ወደ አጥሩ አየች። አጥሩ ላይ የነበረው አገጭ ቀስ ብሎ ወደ ታች ጠለቀ።

ፍሬን ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ግን ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ባትሪ የመረዘች ሚስት በየትኛው ስድብ እንደምትሰደብ አያውቅም። እሷ ቀደመችው።

«ያን ዕለት፣ ከሐኪም ቤት ስንመለስ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ መጮኼን ታስታውሳለህ?»

«ቁርጥማት እግርሽን የያዘሽ ቀን።»

«ቁርጥማት አልነበረም። ነፍሰ ጡሯ ናት።»

«የቷ ነፍሰ ጡር?»

«እሱን ነው የምልህ።»

ከበረንዳው ወርዳ ወደ መኪናዋ ተጠጋች።

«ዜብራው መሀል ደርሳ ነበር» አለች። «ቀይ ሹራብ ለብሳለች፤ እንኳን ሰው ዕውር ያያታል። አንተ 'የዛሬ ሹፌር ፊቱን አያይም' እያልክ እያወራኸኝ ነበር። ፍሬን እንኳ አልነካህም። ወደ ኋላ ዘልላ ነው የተረፈችው። ዳቦዋ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ዞር ብዬ ሳያት ሆዷን ይዛ ጠርዙ ላይ ተቀምጣለች። አንተ 'ምነው?' ስትለኝ 'እግሬን' አልኩህ።»

«ቅባት ገዝቼ ሳምንት ሙሉ አሸሁሽ እኮ!»

«እሱስ አልከፋኝም።»

ሊስቅ አሰበ፤ ፊቱ አልታዘዘለትም። የመፍቻ ሳጥኑ ላይ ዘፍ አለ። ያን መንገድ በልቡ አንድ በአንድ መለሰው። ዳቦ ቤቱ አለ። ወሬው አለ። ጩኸቷ አለ። ቀይ ሹራብ የለም። ፈልጎ ፈልጎ አጣው። የረሳው ነገር ቢሆን በቀለለው፤ እሱ ግን ጭራሽ አላየም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሕይወቷን ሙሉ የምትተርከው ሹፌር እሱ ነው፤ እሱ ግን በሰላም ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቷል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መነጽር አድርግ ስልህ 'መነጽር ለጸሐፊ ነው' አልከኝ። አንተን በአፍ ተናግሮ ከመሪ ላይ የሚያወርድ ሰው አልተወለደም። መኪናዋን ግን ማስተኛት እችላለሁ።» መዳፏን የመኪናዋ ጎን ላይ አሳረፈች። «ሰኞ ደግሞ ያቺን ልጅ ልትጭን ነው።»

ፍሬን እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ተነሳ። የፈታውን ሳያስር ትቶ አያውቅምና አዲሱን ኬብል ከሞተሪኖው አሰረ፤ ፖዘቲቩን አጠበቀ፤ ኔጌቲቩን በመጨረሻ። ኮፈኑን ዘጋ። ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች።

ባለቤቱ ሮጣ የግቢውን በር በጀርባዋ ደገፈች፤ ሁለት እጇን ዘርግታለች። በፊት መስታወቱ ውስጥ እሷን አላጣትም። አፏ ሲንቀሳቀስ ግን አልታየውም፤ የምታለቅስ ይሁን የምትሰድበው መለየት አቃተው። ሞተሩን አጠፋ።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት፣ የትንሿ እናት።

«አባዬ፣ ተነሳችልህ? ይቺ ልጅ አዲሱን ቦርሳዋን ይዛ ልታሳብደኝ ነው። 'ሰኞ ከፊት እቀመጣለሁ' ትላለች።»

«ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ከፊት አንቺ ነሽ።»

«ከፊት የት?»

«መሪው ጋ።»

ልጁ መንጃ ፈቃድ ካወጣች አምስት ዓመቷ ነው። ከእሱ ጋር የነዳችው አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን እሱ ጮኸ፣ እሷ አለቀሰች፣ ሞተሩ ጠፋ፤ በዚያው ቀረ።

«አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ? አልፈልግም፣ ትጮህብኛለህ።»

«አልጮህም። ዛሬ ከሰዓት ነይና እንለማመድ።»

«አባዬ... አመመህ እንዴ?»

«ዓይኔ አያይም» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ፤ ሊመልሰው ቢፈልግም ወጥቷል። «ሰኞ እናንተ ትምህርት ቤት ስትሄዱ እኔን ዓይን ሐኪም ጋ ታወርዱኛላችሁ። አትዘግዪ።»

ስልኩን ዘጋ። ከመቀመጫው ሥር እጁን ሰድዶ ማስጠጊያውን ብረት ፈለገ። ለዓመታት ማንም ስላልነካው ዝጓል። በሁለት እጁ ይዞ ጎተተው። መቀመጫው ተንቋቋና በልጁ አጭር እግር ልክ ወደ ፊት ተንሸራተተ፤ የፍሬን ጉልበት ከመሪው ጋር ተጣበቀ፣ ሆዱም ተጨመቀ። በሩን ከፈተና እየተሹለከለከ ወረደ።