የታይቱ ልጅ ጥርስ

አይናለም የሩዙን ፍሬ በጥፍሯ ላጠችና በፊት ጥርሶቿ መካከል አስገብታ ነከሰች። አልተሰበረም። የኋላ ጥርሶቿ ተነካክተዋል፤ የፊቶቹ ግን፣ የላዩና የታቹ፣ አልተገናኙም። ፍሬው በመካከላቸው ተንሸራቶ ምላሷ ላይ ወደቀ።

«እህ፣ ምን አልሽ?» አሉ አያ አንለይ፣ ከአህያቸው ያወረዱትን ጆንያ ተደግፈው።

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገችና ሌላ ፍሬ በመንጋጋዋ ጨፈለቀች። መንጋጋ ደረቁንም እርጥቡንም እኩል ያደቃል።

«ደርቋል» አለች።

አይናለም ሩዝ የምትገዛበት ሚዛን የእናቷ የታይቱ ነበር። ታይቱ ወረታ፣ የሩዝ መፈልፈያው በር ላይ ተቀምጣ፣ ከፎገራ ሜዳ የሚመጣውን ሩዝ አንድ ፍሬ ነክሳ ትፈርድ ነበር። ቀጭ ካለ ደረቅ፣ ከላሸቀ እርጥብ። ያልደረቀ ሩዝ ጆንያ ውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል። እሷ «ፀሐይ ይምታው» ካለች የሚከራከር አልነበረም። የታይቱ ፍንጭት ለልጇም ደርሷት ነበር።

አይናለም ግን ሰፋብኝ ብላ ባሕር ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥርሷን ሽቦ አሳሰረች። ያሰረላት ሰው ፊት ለፊቱን እንጂ የኋላውን አላየም። ሽቦው ገና እየሳበ ሳለ ታይቱ ታመመች፤ አይናለም አስታማሚ ሆነች፤ ቀጠሮው ሁሉ አለፈ። ከቀብር በኋላ ስትመለስ ሰውየው ሽቦውን ፈትቶ መስታወት ሰጣት። ፍንጭቱ ጠፍቷል። አፏን ስትዘጋ ግን ምላሷ በጥርሶቿ መካከል ይሾልካል።

እውነቱን የነገረቻት ሌላ ሐኪም፣ ዶክተር ሉሊት ናት።

«ይስተካከላል። ግን ሽቦው እንደገና መታሰር አለበት፤ ፍንጭትሽም ሊመለስ ይችላል። በቆየሽ ቁጥር ጫናውን ሁሉ የተሸከሙት መንጋጋዎችሽ ያልቃሉ።»

«የእናቴ ዓመት ይውጣና» አለቻት። ጥቁር ለብሳ ጥርሷን ስታሳምር የወረታ ሰው ምን ይላል?

አሁን ከጎን ካለው ሚዛን እትዬ አማከለች ተነሥተው መጡ። ከእናቷ ጋር እዚሁ በር ላይ ያረጁ ሴት ናቸው። ከጆንያው አንድ ፍሬ አንሥተው ነከሱ። ድምፅ አልተሰማም።

«ይኼን ነው ደርቋል ያልሽው?»

አያ አንለይ በሳቅ ፈረሱ። «እኔማ ምን ነካት ብዬ ዝም አልሁ! ትናንት የወቃሁት እኮ ነው። እናትሽ ብትሆን ከነአህያዬ ታባርረኝ ነበር።»

እትዬ አማከለች አልሳቁም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ባለፈው የገዛሽው ሻግቶ ተመልሷል። ሰው በታይቱ ሚዛን ተታለልሁ ማለት ጀምሯል።»

አይናለም ሕክምናውን በማቆየቷ እናቷን አክብራ የተቀመጠች መስሏት ነበር።

«ጥርሴ አይገጥምም፣ እትዬ» አለች። ለማንም ተናግራው አታውቅም። «እንጀራ እንኳ በፊት ጥርሴ መቁረጥ አልችልም።»

«በልቅሶው ንፍሮ ሳታኝኪ ስትውጪ አይቼሻለሁ። መድኃኒት የለውም?»

«አለው። ግን ጥቁሬ ሳይወልቅ... ሰው...»

«ሰው እንደሆነ ሩዙ ሲሻግትበትም ያወራል።»

አይናለም ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«አያ አንለይ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ተሳስቻለሁ። ሩዝዎ እርጥብ ነው። ፀሐይ ይምታውና ሲመለሱ እትዬ አማከለች ይነክሱልዎታል።»

«ወይ ጣጣ! ሳላወርደው አትነግሪኝም ኖሯል?» አሉ ሽማግሌው፣ ጆንያውን መልሰው እየጫኑ። የተቆጡ ግን አይመስሉም።

አይናለም ስልኳን አወጣች።

«ዶክተር፣ አይናለም ነኝ፣ ከወረታ። ሰኞ ልምጣ?»

«ዓመቱ ወጣ እንዴ?»

«አልወጣም። ከነጥቁሬ ነው የምመጣው።» ምላሷ የፊት ጥርሶቿን ነካ። «ፍንጭቱም ከተመለሰ ይመለስ።»