ለዓርብ የተያዘው ቀጠሮ

«ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ እትዬ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለች ዕፀገነት የበረንዳውን በር እየዘጋች። ካለችው በኋላ ራሷም አፈረች።

አክስቷ እትዬ ፈለቀች ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ወንድሜ ሞቶ በሹክሹክታ ላልቅስ? ጉድ እኮ ነው!»

እውነትም ጉድ ነው። ቦሌ፣ ስድስተኛ ፎቅ፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን መትከል ክልክል። ለቀስተኛው በሊፍት ወጥቶ ሳሎን በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ትንሽ ይቀመጥና «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ስልኩን እያየ ይወርዳል።

አባቷ ሽፈራው እዚህ ቤት የመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሊፍቱን አላምነውም ብለው በደረጃ ወጡ። ከበረንዳው ቁልቁል አይተው «ይሄ ሁሉ ሰው የሚበላውን ማን ያርስለታል?» ብለው ሳቁ። ምንጃር ሲመለሱ ግን ያገኙትን ሁሉ በልጃቸው ፎቅ አደነቆሩት። «ታዲያ ለምን አትጠይቅዎትም?» ያላቸውን ደግሞ ይቆጡ ነበር። «ሥራ በዝቶባት ነው! ልጄን አትንኩብኝ!»

ሰኞ ረፋዱ ላይ ወንድሟ ደጀኔ ሲደውል ስብሰባ ላይ ነበረች።

«አባባን ትንሽ አሞታል፤ አሁኑኑ ተነሺ።»

«ውይ! ምኑን? ቆይ፣ እዚህ ጎበዝ ሐኪም አለ። ለዓርብ ቀጠሮ አስይዛለሁ፤ ይዘኸው ና።»

ደጀኔ «እሺ» ብሎ ዘጋው።

አገር ቤት ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሞታል፤ ተነሺ» ከተባለ ሰውየው አልፏል ማለት ነው፤ ይሄን ሕፃን ያውቀዋል። እሷም ታውቀው ነበር። የሚያንገበግባትም ይሄው ነው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠብቀዋት፣ ስትቀር ያለሷ ቀበሯቸው።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሊያረዷት መጡ። ዘበኛው «ቀጠሮ አላችሁ?» ብሎ በር ላይ አቆማቸው። ወደ ሥራ ልትሄድ መኪናዋን ስታወጣ፣ ጋቢ ከለበሱት ሽማግሌዎች መሃል ደጀኔን አየችው። መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«አባባን ይዛችሁት መጣችሁ? ዓርብ እኮ ነው ያልኳችሁ!» አለች እየሳቀች።

ደጀኔ እጁን በመስኮቱ አስገብቶ የመኪናዋን ሞተር አጠፋው።

ዛሬ ዓርብ ነው። ስልኳ ጮኸ።

«ከክሊኒክ ነው። አቶ ሽፈራው ከሰዓት ቀጠሮ አላቸው፤ ይመጣሉ አይደል?»

ዕፀገነት አፏን ከፈተች። «ሞቷል» ማለት ፈልጋ ነበር፤ አቃታት።

«ትንሽ... ትንሽ አሞታል» አለች።

«ታዲያ ይዘዋቸው ይምጡ እንጂ!» አለች የክሊኒኩ ልጅ።

«እሺ።»

ስልኩን ፍራሹ ላይ ጣለችው። ተነስታ የበረንዳውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አልቅሺ እትዬ» አለች። «እንደ ልብሽ አልቅሺ።»